ስፑትኒክ፣ የጎረምሳ አንጎልና እኛ «ሠላሳዎቹ»

ነገሩን ከቁጥር እንጀምረው። በ2008 (ዓመቱን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ በፈረንጆች አቆጣጠር እናስቀምጣለን) የትምህርት ሚኒስቴር ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ደግሞ ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ እንዲያጠኑ ወሰነ። ታላላቆቻችን በዚህ ቁና ተሰፍረው ገቡ። እኛም «ተፈጥሮ ወይስ ማኅበራዊ?» ተብለን ስንጠየቅ ዕድሜያችን ከአሥራ ስድስትና ከአሥራ ሰባት አይበልጥም ነበር። አንዳንዶቻችን ታሪክንና ሥነ ጽሑፍን ወደን መረጥን። አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከፊዚክስ ሸሽተን ነው የመጣነው። ለመሆኑ መንግሥታት የወጣቱን ጭንቅላት በመቶኛ መስፈር ከየት ተማሩ? ያ የሚሰፈረው ጭንቅላትስ በዚያ ዕድሜ ውስጡ ምን እየሠራ ነው? የሁለቱን ጥያቄዎች ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የሚበጅ መስሎናል።

በጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት 83.6 ኪሎ የምትመዝን የብረት ኳስ ወደ ጠፈር ወረወረች። ስፑትኒክ ከሰማይ «ቢፕ፣ ቢፕ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ስታደርግ የሰማት ሰው አልነበረም፤ ዋሽንግተንን እንቅልፍ ለመንሳት ግን ያ በቂ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 2 ቀን 1958፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አዲስ የትምህርት ሕግ ፈረሙ። ለአራት ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ፤ ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለውጭ ቋንቋ። ስሙን ልብ በሉልን፦ «የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ» ነው የሚባለው። ላቦራቶሪውም መጽሐፉም በመከላከያ ስም ነው የተገዛው። አምስተኛው ክፍሉ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እየፈተኑ፣ ችሎታ ያላቸውን እየለዩ፣ በአማካሪ አማካይነት ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዲገፏቸው ገንዘብ ሰጠ። (በዚሁ ሕግ ብድር የሚወስድ ተማሪ መንግሥትን በኃይል መገልበጥን የሚደግፍ አለመሆኑን በመሐላ ቃል እንዲያረጋግጥ ተጠይቆ ነበር። ስንት ዩኒቨርሲቲ ተቃውሞ ነው በ1962 የተሻረው። ለፊዚክስ ብድር መሐላ! መቼም ጉድ ነው።)

በማዶው ወገንም ከዚያ የተለየ ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም እነሱ ቀድመዋል። የሒሳብ ኦሊምፒያድ በሌኒንግራድ በ1934፣ በሞስኮ በ1935 ተጀምሯል። በ1963 በሞስኮና በኖቮሲቢርስክ ለሒሳብና ለፊዚክስ ብቻ የተለዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ ራሳቸው በሞስኮው ቤት ገብተው ጎረምሶችን ያስተምሩ ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት እናያለን። አሜሪካኑ ሕግ ልጁን ፈትኖ ይለየዋል፤ ኮልሞጎሮቭ ከልጁ ጋር አብረው ጥያቄ ይፈታሉ። ለእኛ ሁለተኛው ይበልጥብናል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ።

ሁለቱም መንግሥታት ታዲያ ስለ ጎረምሳ አንጎል ምን ያውቁ ነበር? ከምንም አይቆጠርም። አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል በ1904 በሁለት ጥራዝ በጻፈው መጽሐፍ ጉርምስናን የማዕበልና የውጥረት ዘመን ብሎት ነበር፤ ያ ግን ጠባይን ዐይቶ የተባለ እንጂ አንጎልን ከፍቶ የታየ አይደለም። በስድስት ዓመቱ የልጅ አንጎል በመጠን ወደ ዐዋቂው ስለሚጠጋ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው አልቋል ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል።

ይህን ሐሳብ ያናጉት ፒተር ሁተንሎከር የተባሉ የቺካጎ ሐኪም ናቸው። የሞቱ ሰዎችን አንጎል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያዩ፣ የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙባቸውን ነጥቦች፣ ሲናፕስ የሚባሉትን፣ አንድ በአንድ ቆጠሩ። በ1979 ያወጡት ውጤት ግምትን የገለበጠ ነበር፦ በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል የሕፃን ልጅ መገናኛዎች ከዐዋቂው ይበዛሉ፤ ከዚያ እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ልጅ እያደገ ሲሄድ አንጎሉ ይገረዛል ማለት ነው። የቡና ገበሬ ነገሩን ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል፤ ቅርንጫፍ ሁሉ ቢቀር ፍሬው ይመነምናል። በ1999 ደግሞ ጄይ ጊድና ባልደረቦቻቸው ሕያዋን ልጆችን በኤም. አር. አይ. መሣሪያ በየጊዜው እየመላለሱ አነሡ። በግንባር ክፍል ያለው ግራጫ አካል በሴቶች በአሥራ አንድ፣ በወንዶች በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ መቀነስ እንደሚጀምር ታየ። ነርቮቹን እንደ ሽቦ ልባስ የሚሸፍነው ነጭ ስብ ግን ይጨምራል፤ መልእክቱም ይፈጥናል።

የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚቆረጥ ልምድ ይወስነዋል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ድጋፍ አላቸው። ይሁን እንጂ «የጎረምሳ አንጎል ጎደሎ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ይምረጥለት» ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ አይገባም። በ2005 ጋርድነርና ስታይንበርግ ባደረጉት ሙከራ ጎረምሶች በመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ብዙ አደጋ የሚጋፈጡት ጓደኞቻቸው ሲመለከቷቸው ነው፤ ዐዋቂዎቹን ግን ተመልካች ብዙም አልለወጣቸውም። ስለዚህ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ «እነ እገሌ የት ገቡ?» እያልን ስንመርጥ የሚመርጠው የእኛ አንጎል ብቻ አይደለም፤ የወንበር ጓደኞቻችንም አብረው ይመርጣሉ። ይህን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

አሁን ልባችንን ወደ ነካው ጥናት እንምጣ። በ2006 ሮበርት ታይና ባልደረቦቻቸው በ1988 ስምንተኛ ክፍል የነበሩ አሜሪካውያን ልጆችን እስከ 2000 የተከታተለ መረጃ መረመሩ። ልጆቹ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው «ሠላሳ ዓመት ሲሞላህ ምን እሆናለሁ ብለህ ታስባለህ?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። ከሳይንስ ጋር የተያያዘ ሥራ እሠራለሁ ያሉት በፊዚካል ሳይንስና በምሕንድስና ዲግሪ የመያዝ ዕድላቸው ካላሉት 3.4 ጊዜ በለጠ። ይህስ ይሁን፤ የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በሒሳብ መካከለኛ ሆኖ ሳይንስን የተመኘው ልጅ ዲግሪውን የመያዝ ዕድሉ 34 በመቶ ሲሆን፣ በሒሳብ ጎበዝ ሆኖ ያልተመኘው ግን 19 በመቶ ብቻ ነው። ምኞት ማርክን በለጠች! በ1958 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በፈተና የተለየው ጎበዝ፣ ሳይንስን ያልወደደ እንደሆነ፣ ለዚያ ሁሉ ወጪ ብዙም ምላሽ አልሰጠም ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ 70ና 30 እንመለስ። ሚዛኑ የተሰቀለው በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው። ያ በር ላይ የሚደርሰው ልጅ ደግሞ ሳይንስን ከወደደ ወይም ከጠላ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከኮታው በፊት፣ በ2004 ገደማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተላከ በየክፍሉ በፕላዝማ መታየት ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በየገጠሩ ላቦራቶሪ ያላየ ልጅ ሙከራ ሲሠራ ያይ ዘንድ ነው። ግን የደቡብ አፍሪካው መምህር በእንግሊዝኛ ሲፈስስ፣ እጅ ብታወጣ አይቆም፤ «አልገባኝም» ብትለው አይሰማ። ሙከራውን አይተን አጨበጨብን፤ አልነካነውም።

እዚህ ላይ የድሮው የቅኔ ቤት ትዝ ይለናል። በንባብ ቤት ዳዊት የደገመው ሕፃን፣ ጎርምሶ ቅኔ ቤት ሲገባ በቃል መያዙ ብቻውን አያስመሰግነውም። ከሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፤ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ይበላሽበታል፤ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። አባቶቻችን ሲናፕስ አልቆጠሩም። ግን ለጎረምሳ የተሰጠው ሥራ፣ የሰውን ከመድገም ይልቅ የራስን ፈጥሮ በጓደኛና በመምህር ፊት ማቅረብ ነበር። ከኮልሞጎሮቭ አዳሪ ትምህርት ቤት ጋር የሚመሳሰልበትም በዚህ ነው፤ ሰምና ወርቁ ይለያይ እንጂ።

ሳይንስስ ቢሆን ከየት ይጀምራል? በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የበሽታው አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች እይታ የተነሣው ምርምር በ1989 ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። እንዶድ እኮ በአገራችን ያላየው ልጅ ጥቂት ነው፤ ቀንድ አውጣም እንዲሁ። በዚያ ወንዝ ዳር ከእናቶቻቸው ጋር ልብስ የሚያጥቡ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረዶች የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ምናልባት ከተመራማሪው በፊት አይተዋቸው ይሆናል። «ለምን ሞቱ ይመስላችኋል?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን ይኖር ይሆን?