ሜላኒን እና የሰው ልጅ የቆዳና የፀጉር ቀለም
የአንድ ሰው ቆዳ የሚጠቁረው ቀለም የሚያመርቱ ህዋሳት ስለበዙለት ይመስለናል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሜላኖሳይት የሚባሉት እነዚህ ህዋሳት የላይኛው የቆዳ ንብርብር መሠረት ላይ ይገኛሉ፤ ተመሳሳይ የሰውነት ክፍል ተወስዶ ቢነጻጸር ቁጥራቸው በጥቁሩም በነጩም ሰው ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚያመርቱት ቀለም ዓይነት፣ መጠንና አቀማመጥ ነው።

ምርቱ ታይሮሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ ይጀምራል። ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ሂደቱን ያስጀምረዋል፤ ይህ ኢንዛይም ጨርሶ ካልሠራ ሜላኖሳይቶቹ በቦታቸው እያሉ ቆዳውም ፀጉሩም ቀለም አልባ ይሆናል። ከአልቢኒዝም ዓይነቶች አንዱ የሚከሰተው በዚህ መንገድ ነው። የሚገኘው ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፦ ጥቁርና ቡናማው ዩሜላኒን፣ ቀይና ቢጫው ፊዮሜላኒን። ቀለሙ ሜላኖሶም በሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ሆኖ ወደ አጎራባች የቆዳ ህዋሳት ይሻገራል። በጥቁር ቆዳ ከረጢቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ተነጣጥለው ይቀመጣሉ፤ ህዋሱ ወደ ላይ ሲገፋም ቶሎ አይፈርሱም። በነጭ ቆዳ ግን ትንንሽ ሆነው በአንድ ላይ ይታጎራሉ፤ ፈጥነውም ይሟሟሉ። በሁለቱም ከህዋሱ አስኳል በላይ ተሰብስበው እንደ ጥላ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይከልሉታል።

ፀጉርም ቀለሙን የሚያገኘው ከእነዚሁ ሁለት ሜላኒኖች ነው። ኤምሲ1አር የተባለው ዘረመል ሲዳከም ፊዮሜላኒን ያይልና ፀጉሩ ቀይ ይሆናል። ሽበት የሚመጣው ደግሞ በፀጉር ሥር ሜላኖሳይቶችን የሚተኩ ህዋሳት ሲመናመኑ ነው። ወርቃማ ፀጉር የአውሮፓውያን ብቻ አይደለም፤ ቆዳቸው እጅግ ጥቁር በሆነው የሰሎሞን ደሴቶች ሰዎች መካከልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት መንስኤው ታይአርፒ1 በተባለ ዘረመል ላይ የተፈጠረ አንድ ለውጥ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለውጥ በአውሮፓውያን ዘንድ የለም፤ ያው የፀጉር ቀለም በሌላ መንገድ ለብቻው የመጣ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን በራሷ በአፍሪካ የተገኘው ነው። በተመራማሪዋ ሳራ ቲሽኮፍ የሚመራው ቡድን ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሕዝቦች መረጃ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን በሳይንስ መጽሔት አሳተመ። በጣም ጥቁር ሆነው የተገኙት የምሥራቅ አፍሪካ የናይሎ ሳሃራ ቋንቋ ተናጋሪ አርብቶ አደሮች ሲሆኑ በጣም ፈካ ያሉት የደቡባዊ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች ነበሩ። ቆዳን ከሚያፈኩትም ከሚያጠቁሩትም የዘረመል ለውጦች ብዙዎቹ የዛሬው ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበሩ ናቸው። «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚባል አንድ ወጥ ቀለም ኖሮ አያውቅም ማለት ነው።

ኤስኤልሲ24ኤ5 የተባለው ዘረመል አንድ ቅጂ በአውሮፓውያን ዘንድ ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ አለ፤ ቆዳን ያፈካል። ይኸው ቅጂ በኢትዮጵያም በብዛት ይገኛል፤ ከሺዎች ዓመታት በፊት ከእስያ በኩል በፍልሰት የገባ ነው። ቅጂውን የያዘው ኢትዮጵያዊ ግን ነጭ አልሆነም፤ ቀለምን የሚወስኑት ዘረመሎች ብዙ ናቸውና የአንዱ ጉልበት በሌሎቹ ይገደባል። ልጅ ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው የእነዚህን ዘረመሎች ድብልቅ ነው፤ ድብልቁም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይለያያል። በአንድ ቤት ከአንድ እናትና አባት ተወልደው አንዱ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ ሌላው ጥቁር የሚሆኑት ለዚህ ነው።