ኢብኑ ነፊስ ያሳየን መንገድ፦ መቅኒ የተተከለላቸው ሕፃናትና ሳንባቸው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ኢብኑ ነፊስን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ደማስቆ ተምሮ ካይሮ የሠራ ሐኪም፣ የሻፊዒ ፊቅህም ዓሊም ነበር። እ.ኤ.አ በ1242 በኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን» የአካል ጥናት ክፍል ላይ ሸርሕ ጻፈ። ከጃሊኑስ (ጋሌን) ጀምሮ ሐኪሞች፣ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ቀዳዳዎች ነው ይሉ ነበር። እሱ ግን «ቀዳዳ የለም» አለ፤ ደሙ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው ወደ ግራ የሚመለሰው። ጽሑፉ ለዘመናት ተረስቶ በ1924 ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ አገኘው።

ይህ ግኝት ዛሬ የደም ካንሰር ይዟቸው መቅኒ ለሚተከልላቸው ሕፃናትም ትርጉም አለው። ንቅለ ተከላ ሲባል ቀዶ ጥገና ይመስለናል። የለጋሹ መቅኒ ግን ለታማሚው የሚሰጠው እንደ ደም በደም ሥር ነው። አጥንት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኢብኑ ነፊስ በገለጸው መንገድ ሳንባን ያልፋል።

የዚህ ሕክምና ታሪክ በሐዘን ነው የጀመረው። በ1957 አሜሪካዊው ዶ/ር ዶናል ቶማስ ስለ 6 ታማሚዎች ጻፈ፤ አንዳቸውም ብዙ አልቆዩም። በ1968 በሚኒሶታ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን የእህቱን መቅኒ ወስዶ ዳነ። ቶማስም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

መቅኒው ሲይዝ ግን ሌላ ፈተና መጣ፤ ሳንባ። ኬሞቴራፒውና ጨረሩ የልጁን መከላከያ ስለሚያጠፉት፣ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው የሚሸከመው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ሳንባውን ያቃጥልበታል። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ብዙዎችን የቀጠፈው ይህ ነበር። ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ከመጣና ቫይረሱን በደም ምርመራ ቀድሞ መከታተል ከተለመደ በኋላ አደጋው በእጅጉ ቀነሰ።

ሌላው ጉዳት ዘግይቶ ይመጣል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የለጋሹ ሴሎች የልጁን ሳንባ እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት፣ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ ጠባሳውም አይመለስም። ቀድሞ የሚታወቀው በትንፋሽ መለኪያ ነው። ትንንሽ ልጆች ግን ወደ መሣሪያው በትክክል መንፋት አይችሉም። ስለዚህ ሲሮጥ ቶሎ የሚደክመውን፣ ሳሉ የማይለቀውን ልጅ አስተውሎ ሳይዘገይ ወደ ሐኪሙ መውሰድ የቤተሰብ ድርሻ ነው።

የእኛስ ድርሻ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል፣ ታማሚን መዘየርንም አስተምረውናል። በሽተኛ ከጤነኛ ጋር እንዳይቀላቀልም አስጠንቅቀዋል። ለእኛ የሁለት ቀን ጉንፋን የሆነው ነገር ለዚህ ሕፃን ሳንባ ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካሳለን፣ አፍንጫችን ከፈሰሰ፣ ዚያራችን በስልክና በዱዓ ይሁን። ጤነኛም ብንሆን ቤተሰቡን አስፈቅደን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ጥቂት ብቻ ቆይተን እንውጣ። ብዙ ሆኖ መሄድም ይቅር። ወላጆቹ «አትግቡ» ቢሉን ቅር አንሰኝ፤ አማናቸውን እየጠበቁ ነው።

አላህ የታመሙ ልጆቻችንን ያሽርልን፣ ለወላጆቻቸውም ሶብር ይስጥልን። አሚን! ለሌሎች እንዲደርስ ሼር እናድርገው።