በኢንተርኔት የሚሸጥ የቪዲዮ ጨዋታ የገበያ ቀን፤ ከ2008 እስከ 2025

የንግድ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ዕቃውና ስለ ዋጋው ብዙ ይነገራል፤ ዕቃው ስለ ወጣበት ቀን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የቀን ነገር ነው። ለምርመራችንም የመረጥናቸው፥ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያለ ትልቅ ኩባንያ ርዳታ በግላቸው የሠሯቸውና በኢንተርኔት የሚሸጡ የቪዲዮ ጨዋታዎች ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። እነዚህ ሰዎች የብዙ ዓመት ድካማቸውን በአንድ ቀን ለገበያ የሚያቀርቡ ስለ ሆኑ፥ የቀኑ ምርጫ ለነርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ቀድሞ የቪዲዮ ጨዋታ በዲስክ ተቀርጾ፥ በካርቶን ታሽጎ፥ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር። መደርደሪያው ጠባብ ስለ ሆነ ባለሱቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልተሸጠውን አንሥቶ ለአዲስ ዕቃ ቦታ ይለቅ ነበር። ስለዚህ የአንድ ጨዋታ ዕድሜ የሚወሰነው በወጣበት ሰሞን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 ስቲም የተባለውን አገልግሎት አቋቋመ፤ ይህም በመጀመሪያ የኩባንያውን የራሱን ጨዋታዎች ለማደስ የታሰበ ሲሆን፥ ከ2005 ጀምሮ የሌሎችንም ሥራ ይሸጥ ጀመር። ማይክሮሶፍትና ኒንቴንዶም የየራሳቸውን የኢንተርኔት መደብር ከፈቱ። እንዲህ ሆኖ መደርደሪያው ቀረ። የመደርደሪያው ልማድ ግን ወዲያው አልቀረም፤ ሁሉም ሰው አሁንም ዓይኑን በመውጫው ቀን ላይ እንደ ተከለ ነበር።

ቀኑን የሚቈርጠው ማን እንደ ነበረ ለማየት የ2008ን ክረምት መመልከት ይበቃል። ማይክሮሶፍት በዚያ ወቅት አምስት ጨዋታዎችን መርጦ በየሳምንቱ ረቡዕ አንድ አንድ እያለ አወጣ። ከነዚህም መካከል የጆናታን ብሎው ሥራ የሆነው ብሬድ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ተራው ደረሰው። የተለመደው ዋጋ 10 ዶላር ያህል ሲሆን ብሬድ በ15 ዶላር በመቅረቡ ብዙ ማጕረምረም ተሰማ፤ ጨዋታው ግን በሚገባ ተሸጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በጥቅምት 2010፥ ኤድመንድ መክሚለንና ቶሚ ሬፌኔስ ሱፐር ሚት ቦይ የተባለውን ጨዋታቸውን በዚያው መደብር ሲያወጡ፥ ለመደብሩ የማስታወቂያ ሰሞን ለመድረስ ሲሉ ከእንቅልፍና ከጤናቸው ጋር እየታገሉ ሠሩ። ዋጋውም ለዚያ ሰሞን 10 ዶላር፥ ከዚያ በኋላ 15 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ። በ2012 ስለነዚህ ሠሪዎች የወጣው ዶኩሜንታሪ ፊልም እንደሚያሳየው፥ በመውጫው ቀን ማለዳ ጨዋታው በመደብሩ የፊት ገጽ ላይ ሳይታይ ቀርቶ ነበር። ቀኑን የመረጠ ሌላ፥ በቀኑ የሚጨነቅ ሌላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንም።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንመጣለን። ካይል ጋብለርና ሮን ካርሜል ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከተባለው ታላቅ ኩባንያ ወጥተው ቱ ዲ ቦይ የተባለ የሁለት ሰው ድርጅት አቋቋሙ። ዎርልድ ኦቭ ጉ የተባለውን ጨዋታቸውንም ጥቅምት 13 ቀን 2008 አወጡ። ለኮምፒዩተር የሚሆነው ዋጋ 20 ዶላር ነበር። እንደ ሱቁ ዘመን ልማድ ቢሆን ጨዋታው ከዓመት በኋላ የተረሳ ዕቃ በሆነ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን የመውጫውን ቀን አንደኛ ዓመት ልደት አድርገው አከበሩት፤ ይኸውም በጥቅምት 2009 በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው የፈቀደውን ያህል ከፍሎ ጨዋታውን እንዲወስድ አወጁ።

በመጀመሪያው ሳምንት 57 ሺህ ያህል ሰዎች ገዙ። በአማካይ የከፈሉት 2 ዶላር ከ3 ሳንቲም ነበር፤ 17 ሺህ ያህሉም አንዲት ሳንቲም ብቻ ሰጡ። ሳንቲሟን ደግሞ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት ሙሉ በሙሉ በልቷታል። አንባቢ በዚህ ላይ ቆሞ ነገሩ ኪሳራ ነው ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፥ ዓመት በሞላው ዕቃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ተጨማሪ ቅጂ ለማዘጋጀትም የሚወጣ ወጪ ከምንም አይቈጠርም ነበር። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስደንቀው፥ ያው ጨዋታ በሌላ ስፍራ በሳንቲም እየተሰጠ ሳለ በዚያው ሳምንት በስቲም መደብር የሽያጩ ቍጥር ከቀደመው ሳምንት በ40 በመቶ ከፍ ማለቱ ነው። ወሬው ከቅናሹ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። እኛ እንደሚመስለን፥ ሠሪዎቹ በዚያ ሳምንት ያተረፉት በዋጋው ሳይሆን በቀኑ ነው፤ ለጋዜጦችና ለወሬ አቅራቢዎች የሚጽፉት ነገር የሰጠ ቀን ፈጠሩ።

በዚያው በ2009 የካቲት ወር የቫልቭ ኩባንያ አለቃ ጌብ ኒውዌል በአንድ የሙያ ጉባኤ ላይ የመደብሩን የበዓል ሰሞን ቅናሽ ውጤት ገልጦ ነበር። ዋጋቸው 10 በመቶ የተቀነሰላቸው ጨዋታዎች ገቢ በ35 በመቶ፥ 25 በመቶ የተቀነሰላቸው በ245፥ ግማሽ የተቀነሰላቸው በ320፥ 75 በመቶ የተቀነሰላቸው ደግሞ በ1470 በመቶ አድጎ ነበር። ይህ የተሸጠው ቍጥር ሳይሆን የገባው ገንዘብ ነው። ከዚህም በላይ ሌፍት ፎር ዴድ የተባለው ጨዋታ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ በግማሽ ዋጋ በቀረበበት የሳምንት መጨረሻ የተሸጠው፥ በወጣበት ሰሞን ከተሸጠው በለጠ። በኛ አገር ገበያ በፋሲካ ዋዜማ ዶሮና ቅቤ የሚወደደው ፈላጊው በዝቶ ዕቃው ስለሚያንስ ነው፤ በኢንተርኔት መደብር ግን ዕቃው ስለማያልቅ በዓል ሲመጣ ዋጋው ይረክሳል። ከዚህ ጉባኤ በኋላ የቅናሽ ሰሞን የሠሪዎች ሁሉ ተስፋ ሆነ። ገዢዎችም ቅናሹን መጠበቅ ለመዱ፤ ይህ ሁለተኛው ውጤት ግን በጉባኤው ላይ በቀረበው ቍጥር ውስጥ አይታይም።

ፍጹም ተቃራኒውን መንገድ የያዘው የስዊድኑ ማርኩስ ፔርሶን ነው። ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ ገና ሳይጨርሰው በሰኔ 2009 በ9.95 ዩሮ በራሱ ድረ ገጽ መሸጥ ጀመረ። ሥራው በተሻሻለ መጠን ዋጋውን ከፍ አደረገው፤ በታኅሣሥ 2010 ወደ 14.95፥ በኅዳር 2011 ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ወደ 19.95 ዩሮ። ስለዚህ ገዢውን የሚያስቸኵለው ቅናሹ እንዳያልፈው የሚል ስጋት ሳይሆን ዋጋው ነገ ይጨምራል የሚለው ዕውቀት ነበር። በጥር 2011 የተሸጠው አንድ ሚሊዮን ደረሰ፤ የመውጫው ቀን ከመድረሱ በፊት ደግሞ ከ4 ሚሊዮን አለፈ። እንግዲህ የማይንክራፍት መውጫ ቀን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አስቸጋሪ ነው። ፔርሶን ይህን ለማድረግ የቻለው ሱቁም ቀን መቍጠሪያውም የራሱ ስለ ነበሩ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ስቲም ራሱ ያላለቀ ጨዋታ መሸጥ የፈቀደው ዘግይቶ በ2013 ነው።

ከዚያ ወዲህ የሠሪው ቍጥር እጅግ በዛ። በ2017 ስቲም ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር ለሚከፍል ሁሉ በሩን ከፈተ፤ በ2024 ብቻ ከ18 ሺህ በላይ ጨዋታዎች ወጡበት። ይህም በቀን ወደ 50 ይጠጋል። መደርደሪያው ወሰን ባይኖረውም የገዢው ዓይን ወሰን ስላለው፥ የፊት ገጹ አዲስ ጠባብ መደርደሪያ ሆነ። መደብሩም የቀኑን ነገር በደንብ አሰረው። ለመውጫ ሰሞን የሚደረግ ቅናሽ ካበቃ በኋላ 30 ቀን ሳያልፍ ሌላ ቅናሽ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የበጋው ታላቅ ቅናሽ ሊደርስ ሲል ጨዋታውን የሚያወጣ ሠሪ በዚያ ገበያ ውስጥ በሙሉ ዋጋ ይቆማል። የምኞት ዝርዝር በሚባለው መዝገብ ላይ ጨዋታውን የጻፈ ሰው ደብዳቤ የሚደርሰው፥ ጨዋታው ሲወጣና ቢያንስ 20 በመቶ ሲቀነስ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ በሚደረገው የናሙና ጨዋታዎች ትርኢት ላይም አንድ ጨዋታ የሚቀርበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያቺን አንዲት ጊዜ ቸኵሎ የጨረሰ ሌላ አያገኝም።

መደብሩን ብቻ መፍራት ግን አይበቃም፤ ጎረቤትንም መፍራት ያስፈልጋል። በአውስትራሊያ በአደሌይድ ከተማ የሚገኘው ቲም ቼሪ የተባለ ጥቂት ሰዎች ያሉት ድርጅት፥ ከ2019 ጀምሮ ሲጠበቅ የነበረውን ሆሎው ናይት፡ ሲልክሶንግ የተባለ ጨዋታ መስከረም 4 ቀን 2025 እንደሚያወጣ ያስታወቀው ነሐሴ 21 ቀን፥ ማለት ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ነው። ዋጋው 20 ዶላር ነበር። በዕለቱ የገዢው ብዛት ስቲምን ጨምሮ የበርካታ መደብሮችን አሠራር ለጊዜው አወከ፤ በስቲም ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጫወቱ ታዩ። በዚያው ሳምንት ለመውጣት ቀጠሮ ይዘው የነበሩ ሌሎች ትናንሽ ድርጅቶች ማስታወቂያው እንደ ተሰማ ቀናቸውን ለመለወጥ ተገደዱ። ከነዚህም ክሎቨርፒት የተባለው ከመስከረም 3 ወደ መስከረም 26፥ ዲሞንስኩል የተባለው ደግሞ ከመስከረም 3 ወደ ኅዳር 19 ተዛወሩ።