ከደም በኋላ ፍቅር፦ ከጠላትነት ወደ ፍቅር የሚሻገር ልቦለድ በስሜን ተራሮች ግርጌ ታሪክ ሲፈተን

አኅጽሮት

በጠላትነት ተጀምሮ በፍቅር የሚቋጭ ልቦለድ ብዙ ጊዜ ፍቅርን የአእምሮ ቁስል መድኃኒት አድርጎ ያቀርባል። ይህ መጣጥፍ አቀራረቡን በስሜን በምትገኘው በደራስጌ ታሪክ፣ በመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ እና በዳባት ወረዳ የቅርብ ጊዜ ሐዘን ይፈትሻል። ፍቅር በፈውስ ጉዞ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት በደሉ መነገር አለበት፣ ተበዳይም እምቢ ማለት መቻል አለበት ሲል ይከራከራል።

የዘውጉ ሥርዓት

የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» (1813 እ.ኤ.አ.) የዘውጉ ዋነኛ አርአያ ነው። ኤልሳቤጥ የዳርሲን የመጀመሪያ የጋብቻ ጥያቄ ውድቅ ታደርጋለች። እሱም የተከሰሰበትን ጉዳይ በደብዳቤ ያስረዳል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ተቀባይነት የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። እምቢታውና እውነቱ ፍቅሩን ቀድመዋል። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው የኩራትና የመደብ ቅራኔ እንጂ የፈሰሰ ደም አይደለም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ግን ጉዳዩን ወደ ጦር ሜዳ ይወስደዋል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣና ትማረካለች፤ የማራኪው ወገን ንጉሥ ይወዳታል፤ ሃይማኖቱን ለውጦም ያገባታል። አሸናፊው ራሱን መለወጡ የሥራው ብርቱ ጎን ነው። የምርኮው ቁስል ግን በሠርጉ ደስታ ተሸፍኖ ያልፋል።

ሁለት ጋብቻዎች

ደራስጌ ይህን ሽፋን ይገልጠዋል። የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ባሠሩት የደራስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሳ ኃይሉ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከዓመታት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ሙሽራይቱ ወደ ጋብቻው የገቡት የአባታቸው ቤት ከወደቀ በኋላ ነው። በአፍ የሚነገረው ወግ እቴጌዪቱ ዳዊት ሲደግሙ ባላቸው ቢገቡም ከመቀመጫቸው አልተነሡም ይላል። ወጉ በትክክል ተፈጸመም አልተፈጸመ፣ የአገሬው ትውስታ በዚያ ትዳር ውስጥ እርቅን እንዳላየ ይመሰክራል።

የቴዎድሮስ የመጀመሪያ ጋብቻም ከባላንጣ ቤት ነበር። ተዋበች የቤጌምድር ገዥ የነበሩት የራስ ዓሊ ልጅ ናቸው፤ የተዳሩትም ካሳን በዝምድና ለማሰር ታስቦ ነው። ልዩነቱ ግን ጎልቶ ይታያል። በዚያ ጊዜ የበላይ የነበረው የሙሽራይቱ ወገን ነው፤ ጠቡ ሲከርር ተዋበች ወደ አባታቸው ቤት ከመመለስ ይልቅ ከባላቸው ጎን ቆሙ። ምርጫ የነበረበት ትዳር ፍቅር ሆነ፤ ምርጫ ያልነበረበት ቂሙን ይዞ ዘለቀ።

ጭና እና የዛሬው ደራሲ

የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በቅርብ ዘመንም ተመልሶ መጥቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት እዚያው ስሜን ውስጥ ወዳለችው ደባርቅ ከተማ አፋፍ ደረሰ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዳባት ወረዳ በምትገኘው ጭና የትግራይ ኃይሎች 26 ሲቪሎችን እንደረሸኑ አረጋግጧል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በዚያው መንደር የተፈጸመ አስገድዶ መድፈርን ዘግቧል። የትግራይና የአፋር ቤተሰቦችም በዚያ ጦርነት የየራሳቸውን ሐዘን ተሸክመዋል። ስለእነዚህ ወራት የሚጽፍ ደራሲ ከሁለቱም ወገን ፍቅረኞችን ማገናኘት ቢሻ ሥነ ምግባራዊ ጥያቄው ከባድ ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ፈውስን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ደኅንነት፣ ትውስታና ሐዘን፣ ከሰው ጋር ዳግም መተሳሰር። ፍቅር የሦስተኛው ደረጃ ነው። በአማራ ገጠር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎችም ቅደም ተከተል ያውቃሉ፦ ገዳይ ወገን ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል። ሥርዓቱ የሚስተው እርቁን ለማጽናት ልጅ ሲዳር ነው፤ ያን ጊዜ ሴቲቱ ራሷ ካሳ ትሆናለች፤ የጥሩወርቅም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ንባብ ሁለት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ጠላትነቱ የተወረሰ ይሁን፤ ፈጻሚንና ተጎጂን ማፋቀር በደልን ያስውባል። በሁለት ወገን ያዘኑ ልጆች ግን ያላጠፉትን ጥፋት አብረው ሊመረምሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ እምቢታ ዋጋ ሳያስከፍል የሚቻልበት ምዕራፍ ይኑር፤ ያለዚያ እሺታው ምንም አይነግረንም። ሐያሲም እንዲህ ያለውን ልቦለድ ሲመዝን ከጥንዶቹ መሳሳም በፊት ማን ምን እንዳመነና ማን መሄድ ይችል እንደነበር ይጠይቅ።