ከኖታ ወደ ድምፅ፦ ዝም ያሉ መዝሙሮች ታሪክ

መዝሙረ ዳዊትን ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው በብዙዎቹ መዝሙራት አናት ላይ ለመዘምራን አለቃ የተጻፈ አጭር ማሳሰቢያ ያገኛል። አንዳንዱ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚዜም ይናገራል። ሌላው ደግሞ፣ ለምሳሌ የመዝሙር 22 ርዕስ፣ በዘመኑ ሁሉም ያውቀው የነበረን አንድ ዜማ በስሙ የሚጠራ ይመስላል። ማሳሰቢያው ደርሶናል፤ ዜማው ግን አልደረሰንም። ቃሉ በብራና ተጠብቆ እስከ እኛ ተሻግሯል፣ ድምፁ ከዘማሪዎቹ ጋር ቀርቷል። የዳዊትን ቃል እንጂ የዳዊትን በገና የሰማ ከመካከላችን ማንም የለም።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ በብዙ ኳየሮች ኮምፒውተር ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ስላለ ነው። በኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር የተቀናበሩ፣ በአራት ድምፅ የተከፋፈሉ መዝሙሮች ተቀምጠዋል። ማጫወቻው ሲነካ ኮምፒውተሩ ያሰማቸዋል። ፋይሉ ለዘማሪዎች በቴሌግራም ሲላክ ግን አንዱ ስልክ አልከፍትም ይላል፤ ሌላው ይከፍትና ኦርጋኑን እንደ ልጆች መጫወቻ ያስጮኸዋል። ነገሩ ብልሽት አይደለም። ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያውኑ ድምፅ የለም። ያለው ትእዛዝ ነው፤ ይህን ቁልፍ ተጫን፣ ይህን ያህል ቆይ፣ ልቀቅ። ትእዛዙን ወደሚሰማ ድምፅ መለወጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ታሪኩም ከኮምፒውተር እጅግ ይቀድማል።

በአገራችን የቅዱስ ያሬድ ዜማ የራሱ ምልክት አለው። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ከቃሉ በላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ፊደላት ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን የዜማ ሐረግ ያስታውሱታል። ከመምህሩ ያልተማረ ሰው መጽሐፉን ይዞ ቢቀመጥ ዜማውን አያገኘውም። በአውሮፓም ገዳማት ለረጅም ጊዜ ነገሩ እንዲሁ ነበር፤ ምልክቱ የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል እንጂ የማያውቀውን አያስተምርም።

ይህን የለወጠው ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ምልክቶቹን በመስመሮችና በመስመሮቹ መካከል አስቀምጦ እያንዳንዱ ድምፅ የቱ ጋ እንደሚውል በዓይን እንዲታይ አደረገ። ዛሬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የምንለውም መነሻው ከእርሱ ነው። ለወዳጁ ለሚካኤል በጻፈው ደብዳቤ ዘማሪዎች በ10 ዓመት እንኳ በቅጡ የማይጨርሱትን ትምህርት በ1 ዓመት፣ ቢበዛ በ2 ዓመት ማስጨረስ እንደሚቻል ይናገራል። ሊቀ ጳጳሱ ዮሐንስ 19ኛ ወደ ሮም አስጠርቶት የዜማ መጽሐፉን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ስንኝ ራሱ እስኪዘምር ድረስ ከመቀመጫው አልተነሣም ይባላል። ያላዩት ሰው የዘመረውን መዝሙር ከወረቀት ላይ ማሰማት ተቻለ ማለት ነው።

ተሐድሶው በዚህ በደንብ ተጠቅሟል። በ1524 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዮሐን ቫልተር በዊተንበርግ ያሳተመው የኳየር መዝሙር መጽሐፍ የሉተር መቅድም ያለበት ሲሆን፣ የተዘጋጀው በ5 የተለያዩ ደብተሮች ነበር። ለእያንዳንዱ የድምፅ ክፍል የራሱ ደብተር ነበረው። ዛሬ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴነርና ለቤዝ ለየብቻ የልምምድ ድምፅ አውጥቶ የሚልክ የኳየር መሪ፣ ሳያውቀው የቫልተርን ሥራ እየሠራ ነው።

ሰው ሳይኖር ኖታን ማሰማትስ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የገጠር አጥቢያዎች ኦርጋን የሚጫወት ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ የበርሜል ኦርጋን ገዙ። በውስጡ ትንንሽ ካስማዎች የተተከሉበት የእንጨት በርሜል አለ፤ አንድ ሰው መዘውሩን ሲያዞር ካስማዎቹ የቧንቧዎቹን መክፈቻ እየነኩ ዜማውን ያሰማሉ፣ ያው መዘውር ወናፉንም ይነፋል። በአንድ በርሜል ላይ 10 ወይም 12 ያህል መዝሙሮች ይገባሉ። በሰፎክ ባለችው በሼላንድ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ዛሬም አለ። መዘውር አዟሪው ኖታ ማንበብ አይጠበቅበትም ነበር፤ የጉባኤውን የአዘማመር ፍጥነት መጠበቅ ብቻ በቂው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ፈረንሳዊው የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ አንግራሜል በ1775 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በርሜል ላይ ካስማ ስለመትከል ጥበብ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ኖታው ላይ እንደተጻፈው ብቻ ካስማ ከተተከለ ሙዚቃው ይሞታል። ሰው ሲጫወት እያንዳንዱን ድምፅ እስከ መጨረሻው አይዘውም፤ ከሚቀጥለው በፊት ትንሽ ዝምታ ይተዋል። ዝምታው አንዳንዴ አጭር፣ አንዳንዴ ረዘም ያለ ነው። አንግራሜል እያንዳንዱን ኖታ የሚሰማ ክፍልና ዝም የሚል ክፍል ብሎ ለሁለት ከፈለውና በርሜሉ ላይ እንዲያ ይተከል አለ። የዛሬ ሶፍትዌር የሚያሰማው መዝሙር ለምን ደረቅ እንደሚሆን የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚህ መነኩሴ ያገኘዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ተሰምቶ ትንፋሹ ግን አልተሰማም።

ከበርሜሉ ቀጥሎ የተበሳ የወረቀት ጥቅል መጣ። በ1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኤድዊን ቬልተና ካርል ቦኪሽ በጀርመን ፍራይቡርግ የሠሩት መሣሪያ ፒያኖ ተጫዋቹ የተጫነውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የአነካኩን ብርታትና ልስላሴ ጭምር በጥቅሉ ላይ ያስቀር ነበር። ጉስታቭ ማህለር በ1905፣ ኤድቫርድ ግሪግ በ1906 ተጫውተውለታል። የኩባንያው ፋብሪካ በ1944 በቦምብ ወደመ፣ ጥቅሎቹ ግን በብዙ አገር ተበትነው ስለነበር ተረፉ። ዛሬ ማህለር ሲጫወት ሰማሁ የሚል ሰው የሰማው፣ በሌላ ዘመን ከጥቅሉ በታደሰ ፒያኖ ላይ ተጫውቶ የተቀረጸውን ነው። የፒያኖው እድሳት ከተዛባ ወይም የጥቅሉ ፍጥነት ካልተስተካከለ ማህለርም ይዛባል። ትእዛዝን ወደ ድምፅ ቅጂ የመለወጥ ሥራ ማለት ይኸው ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ጥራት ትእዛዙን በፈጸመው መሣሪያ ይወሰናል።

አሁን ወደ ፋይላችን እንመለስ። በጥር 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አናሃይም ከተማ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ኪቦርዶች፣ ፕሮፌት 600 እና ሮላንድ ጁፒተር 6፣ በአንድ ገመድ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ተጫወቱ። ቋንቋቸው ሚዲ ተባለ። ለዚህ ብዙ የደከሙት አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 የግራሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል። በሚዲ ቋንቋ መካከለኛው ዶ ቁጥር 60 ነው፤ የአነካኩ ብርታት ከ0 እስከ 127 ይለካል። እንግዲህ አንድ ሙሉ መዝሙር የቁጥሮች ዝርዝር ይሆናል። የ4 ደቂቃ መዝሙር በሚዲ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ከጥቂት አሥር ኪሎባይት አያልፍም። ያው መዝሙር በሲዲ ጥራት በድምፅ ሲቀመጥ ግን በየሰከንዱ 44,100 የድምፅ ናሙና ለግራና ለቀኝ ይጻፍና ወደ 42 ሜጋባይት ይደርሳል። ልዩነቱ የምግብ አሠራር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀትና የተዘጋጀ ማዕድ ያህል ነው።

በ1991 ደግሞ የ128 ድምፆች ዝርዝር ጸደቀ፤ ቁጥር 1 ፒያኖ፣ ቁጥር 20 የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እያለ ይቀጥላል። የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኑ ኮቶ፣ የስኮትላንዱ ባግፓይፕ፣ ከአፍሪካም ካሊምባ ገብተዋል። ክራርና መሰንቆ የሉም። ለዚህ ነው ማሲንቆ የተባለው ክፍል በተራ ሚዲ ሲጫወት እንደ ፈረንጅ ቫዮሊን የሚሰማን። ሚዲ ሳይስተካከል ሲጫወት ድምፆችን በ12 እኩል እርከን ስለሚከፍል፣ አንቺሆዬን በጆሮው ለምዶ ያደገ ዘማሪ የሆነ ነገር ጎደለ ቢል አይፈረድበትም።

ሥራው እንዴት ይሠራል? ሶፍትዌሩ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ያነባል፤ ሳውንድፎንት ከሚባለው የእውነተኛ መሣሪያ ናሙናዎች ማኅደር ተገቢውን ድምፅ ይመርጣል፤ ያቀላቅላል፤ ውጤቱን ዌቭ ወይም ኤምፒ3 አድርጎ ይጽፋል። ቀድሞ ሰው ከኮምፒውተሩ የድምፅ መውጫ ገመድ ስቦ ወደ ካሴት መቅረጫ ይሰካና መዝሙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሚውዝስኮርን በመሰለ ነፃ ሶፍትዌር ኤክስፖርት ማለት ይበቃል። ነገር ግን ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። አዝማቹ ተደገመ? ስንቱም አንቀጽ ተቆጠረ? በየሐረጉ መጨረሻ ጉባኤው የሚተነፍስበት ቦታ አለ? ማሽን ሳንባ የለውምና አንግራሜል የተከለውን ዝምታ እናንተ መትከል አለባችሁ። የሌላ ሰው ቅንብር ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ከአማኝ የሚጠበቅ ነው።

ስለ ምቾት ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ሳይበር ሂምናል የተባለ የመዝሙር ስብስብ በሺህ የሚቆጠሩ የቆዩ መዝሙሮችን በሚዲ ለዓለም አቅርቧል። ያኔ ኮምፒውተሮች ያጫውቷቸው ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ የኢንተርኔት ማሳያዎች ሚዲን በራሳቸው አያሰሙም። በ1988 የተጀመረውና ብዙ የቤተ ክርስቲያን አቀናባሪዎች የተጠቀሙበት ፊናሌ የተባለው የኖታ ሶፍትዌር በነሐሴ 2024 ሥራው መቆሙ ተነገረ። በእርሱ ብቻ የተቀመጠ ቅንብር የሚከፍተው ኮምፒውተር ሲያረጅ ከመዝሙር 22 ርዕስ ጋር አንድ ዕጣ ይገጥመዋል። ስለዚህ ፋይሉ አሁን እየተከፈተ ሳለ ሦስት ነገር ይውጣለት፤ የታተመ ኖታ፣ ሌላ ሶፍትዌር የሚያነበው ሚውዚክ ኤክስኤምኤል፣ እና የሚሰማ ድምፅ።

የእኛ የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መዝሙሮቻችን በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዱ ተሻገሩ። ለ7 ዓመት የታሰረው የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ብዙዎቻችን ጋ የደረሱት በካሴት ነው። ድምፁ ነበረን፣ ኖታው አልነበረንም። ኳየሮቻችን መዝሙር የሚያጠኑት በጆሮ ነበር፤ አሁንም ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው። ዛሬ ወጣቶች ያረጀ ካሴት እየሰሙ ኖታ ሲጽፉ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ካሴቱም ቢሆን እየሳሳ ነውና ቢፈጥኑ መልካም ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7-8 ስለ ነፍስ አልባ መሣሪያዎች ያነሣል፤ ዋሽንትም ሆነ በገና ድምፁ ተለይቶ ካልወጣ የሚዜመውን ማን ያውቃል የሚል ነው ሐሳቡ። እርሱ የተናገረው ጉባኤን ስለማነጽ ነው፤ ለልምምድ ድምፅ አዘጋጅም ግን በቀጥታ ይሠራል። ከ128ቱ ድምፆች ቁጥር 53 የኳየር ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ለመዝሙር ልምምድ የሚመርጠውም እርሱን ነው፣ መንፈሳዊ ይመስላላ! ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚነሣ፣ ጠርዝ የሌለው ድምፅ ስለሆነ አልቶዋ የራሷን መስመር መለየት ይቸግራታል። ደግሞም የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል የለውም፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው «አ» ይላል። ለአልቶዋ ዋሽንት ወይም ኦቦ ስጧት፤ የእርሷን ክፍል ከፍ፣ የሌሎቹን ዝቅ አድርጋችሁ አውጡላት፤ ቃሉን እርሷ ትዘምረዋለች።