የሃቲ ማክዳንኤል ቤት

ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያነበበ ሰው የስካርሌት ኦሃራን ሞግዚት ማሚን አይረሳትም። ከልቦለዱ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1939 ለሕዝብ በቀረበው ፊልም ማሚን ሆና የተወነችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት። (ዓመታቱ ከዚህ በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት ኦስካር ስትሸለም፣ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ሽልማቱ የተሰጠበት የሎስ አንጀለሱ አምባሳደር ሆቴል ጥቁሮችን በእንግድነት አያስተናግድም ነበርና በልዩ ፈቃድ ገብታ፣ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ ግድግዳ ጥግ ነው የተቀመጠችው። ስለ እርሷ በተጻፈ ቁጥር ይህ መቀመጫና በፊልሙ የታየችበት የገረድ ሽርጥ ይነሣሉ። ሁለቱም ግን ሌሎች ያደረጉባትን ነው የሚነግሩን። እርሷ ያደረገችውን ለማወቅ በ1945 ወደ ቆመችበት ችሎት መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ የምናገኛት ሴት፣ የተሰጣትን ሚና ብትቀበልም የተመደበላትን ስፍራ ግን ያልተቀበለች ናት።

በ1893 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ የወለዷት እናትና አባት ሁለቱም በባርነት የተወለዱ ነበሩ፤ አባቷ በእርስ በርሱ ጦርነት ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል። ዴንቨር አድጋ ዘፋኝ ሆነች። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ሥራ ሲያሳጣት በሚልዋኪ በአንድ የምሽት ክበብ የመጸዳጃ ክፍል ሠራተኛ እስከ መሆን ደርሳለች። በ1931 ሎስ አንጀለስ ስትገባም ፊልም በማይገኝበት ጊዜ ቤት እያጸዳችና ልብስ እያጠበች ነው የኖረችው። ስለዚህ በፊልም ላይ የታየችበትን የቤት ሠራተኛነት በሕይወቷም ኖራዋለች።

ከባዱ ክስ የመጣው ከወገኖቿ ነው። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ማኅበር ኤንኤኤሲፒ መሪ ዋልተር ዋይት በ1942 ሆሊውድ ድረስ ሄዶ የስቱዲዮ ባለቤቶችን ሲያነጋግር፣ እንደ ማክዳንኤል ያሉ ተዋንያን የሚጫወቷቸው ገረዶችና አሽከሮች ጥቁሩን ሕዝብ ያዋርዳሉ ብሎ ነበር። ይህ ክስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፊልሙ ባርነትን የደስታ ዘመን አስመስሎ አቅርቧል፤ ማሚም የራሷ የሆነ ልጅም፣ ቤትም፣ ስምም የላትም። የማክዳንኤል ጥበብ ለዚህ ውሸት ሞገስ እንደሰጠው መካድ አይገባም። ሆኖም ከክሱ ሥር አንድ ግምት አለ፤ ተዋንያኑ እምቢ ቢሉ የተሻለ ሚና ይጻፍላቸዋል የሚል። ግምቱ በዚያው ዘመን ተፈትኗል። በዋይት የተደገፈችው ጥቁር ዘፋኝ ሊና ሆርን ገረድ ሆና ላትተውን ተስማምታ ለኤምጂኤም ፈረመች። ስቱዲዮውም በአብዛኞቹ ፊልሞች ዘፈኖቿን ከታሪኩ ነጥሎ ቀረጻቸው፤ በደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ቆርጦ ለማውጣት እንዲመች። በ1951 በተሠራው «ሾው ቦት» ውስጥ የክልሷን የጁሊን ሚና የወሰደችው ሆርን ሳትሆን ነጯ አቫ ጋርድነር ናት። እሺ ያለችውም እምቢ ያለችውም ከአንድ ግድግዳ ጋር ነበር የተጋጩት። ግድግዳውን ያቆሙት ደግሞ ጸሐፊዎቹና አሠሪዎቹ ናቸው። በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ፍቅር በፊልም እንዳይታይ የከለከለው የሆሊውድ ደንብም አለበት።

በተፈቀደላት ጠባብ ቦታ ያደረገችውም ቀላል አይደለም። በ1935ቱ «አሊስ አዳምስ» ትልቅ ሰው ለመምሰል የሚጨነቀውን ቤተሰብ የእራት ግብዣ በአኳኋኗ ብቻ ከንቱ ታደርገዋለች፤ ተመልካች የሚስቀው በጌቶቹ ነው። «ቢዩላ» የተባለችውን ጥቁር የቤት ሠራተኛ በሬዲዮ ይጫወቱ የነበሩት ድምፃቸውን የቀየሩ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ማክዳንኤል ሚናውን በ1947 ስትረከብ፣ በጥቁሮች ላይ ለመሳለቅ የሚጠቀሙበትን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ላለመናገር አስቀድማ ተዋውላለች።

ወደ ቤቱ ጉዳይ እንምጣ። በፊልም ባገኘችው ገንዘብ በሎስ አንጀለስ ሹገር ሂል በሚባለው ሰፈር ትልቅ ቤት ገዛች፤ ጥቁሮቹ ተዋናዮች ኤቴል ዋተርስና ሉዊዝ ቢቨርስም እዚያው ነበሩ። በሰፈሩ ቤቶች ላይ ግን ለጥቁር እንዳይሸጡ፣ ጥቁርም እንዳይኖርባቸው የሚያስገድድ የቆየ ውል ነበረ። ነጭ ጎረቤቶች በዚህ ውል መነሻነት ያስለቅቁልን ብለው ከሰሱ። እርሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ተከሳሾቹን በቤቷ እየሰበሰበች መከረች፤ ጠበቃቸው ሎረን ሚለር ነበር። ዳኛው ተርመንድ ክላርክ በዲሴምበር 1945 ሰፈሩን ራሱ ሄዶ ካየ በኋላ፣ የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ ጠቅሶ ክሱን ውድቅ አደረገው።

ይህ የጥቂት ባለጸጎች ድል ነው፣ ለድሃው ጥቁር ምን ፈየደ የሚል ይኖራል። ክሱ ባለጸጎቹ ላይ መቅረቡ እውነት ነው፤ ያ ዓይነት ውል ግን በመላ አገሪቱ ስንትና ስንት መንደር ውስጥ ሀብታምና ድሃ ሳይለይ ጥቁሩን ሁሉ ያገደ ነበር። እንዲህ ያለ ክስን ለመመከት ገንዘብና ስም ያስፈልጋል፤ ማክዳንኤል ሁለቱንም ያገኘችው ከተነቀፈችበት ሽርጥ ነው። ሎረን ሚለርም በዚያው አላቆመም። ከጠበቃው ተርጉድ ማርሻል ጋር ሆኖ ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1948 «ሼሊ በክሬመር ላይ» በተባለው መዝገብ ሥር አብሮ በተሰጠው ውሳኔ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ከዚያ ወዲያ እንዳያስፈጽሙ ተከለከሉ። ማክዳንኤል በ1952 ከማረፏ በፊት ይህን አይታለች።