ጀርመን ስትደርሱ ቀድማችሁ አድራሻ አስመዝግቡ

ቀበና ካለው የጀርመን ኤምባሲ ቪዛ ይዞ የወጣ ተማሪ ዳገቱን የጨረሰ ይመስለዋል። ገና ነው! እዚያ ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት አድራሻችሁን ታስመዘግባላችሁ፤ «አንሜልዱንግ» ይሉታል። ለዚህም አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። «ክፍል አለኝ፣ መመዝገብ ግን አይቻልም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። ካልተመዘገባችሁ የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ብዙ ጊዜ የባንክ ሒሳቡም ይጓተታል። ቤተሰብ ተበድሮም ቢሆን በዝግ ሒሳብ ያስገባላችሁ 11,904 ዩሮ ደግሞ የሚለቀቀው በወር 992 ዩሮ እየሆነ ነው፤ እሱም የባንክ ሒሳብ እስክትከፍቱ ላይደርሳችሁ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር የሚያሻግር ገንዘብ ለብቻ ያዙ። የቤት ዋስትና ተቀማጩም ከዚያው ላይ ነው የሚወጣው።